ጥያቄና መልስ፦ የማፊያ ፊልሞችና እውነተኞቹ ሰዎች

«የማፊያ ፊልሞች ምን ያህል እውነት ናቸው?» የሚል ጥያቄ መልኩን እየለዋወጠ ይደርሰኛል። ሁሉንም ማስተናገድ ስለማልችል ስድስቱን መርጫለሁ።

«ጉድፌላስ» እውነተኛ ታሪክ ነው ይባላል። ምን ያህሉን ልመን?

አብዛኛውን ይመኑ፤ ግን ታሪኩን የነገረው ማን እንደሆነ አይርሱ። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው ይህ ፊልም የተቀዳው ጋዜጠኛው ኒኮላስ ፒሌጂ በ1985 ካሳተመው መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ ደግሞ በዋናነት የቆመው በአንድ ሰው አንደበት ላይ ነው፤ በሄንሪ ሂል። ሂል ከልጅነቱ ጀምሮ በብሩክሊን ለፖል ቫሪዮ ሲላላክ ያደገ ሰው ነው። ቫሪዮ ሉኬዚ ከተባለው የኒው ዮርክ ማፊያ ቤተሰብ አለቆች አንዱ ነበር። በ1980 ሂል በአደንዛዥ ዕፅ ተያዘ፤ የገዛ ጓደኞቹ እንዳይገድሉት ስለፈራም የመንግሥት ምስክር ሆነ።

ስለዚህ ፊልሙ የእነዚያን ሰዎች ውሎ በሚገባ ያውቀዋል። እስር ቤት ውስጥ ነጭ ሽንኩርት በምላጭ እንደ ወረቀት ሲሳሳ የሚታይበት ትዕይንት የደራሲ ፈጠራ ይመስላል፤ ነገር ግን ሂል ራሱ ስለ ቫሪዮ የተናገረው ነው። የተለወጡት ስሞቹ ናቸው፤ ቫሪዮ ሲሴሮ፣ የሂል የወንጀል ባልደረቦች የነበሩት ጂሚ በርክ ጂሚ ኮንዌይ፣ ቶሚ ዴሲሞኒ ደግሞ ቶሚ ዴቪቶ ተብለዋል። እውነተኛው ቶሚ ቁመቱ ረዘም ያለ፣ በጥር 1979 ደብዛው ሲጠፋ ገና 28 ዓመቱ የነበረ ወጣት ነው። እሱን ሆኖ የተጫወተው ጆ ፔሺ አጭር ነው፤ ዕድሜውም ከአርባ አምስት አልፎ ነበር።

ከዚህ ሁሉ የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። በፊልሙ ቶሚ በመጠጥ ቤት ይሰደብና ስድበኛውን በዚያው ሌሊት ያጠቃዋል። ሂል እንደተናገረው ግን በስድቡና በግድያው መካከል ሁለት ሳምንት ያህል አልፏል። ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም። የአንድ ሌሊት ግድያ የንዴት ሥራ ነው፤ የሁለት ሳምንቱ ግን ቂም ቋጥሮ፣ እየበሉና እየሳቁ ቀን የመጠበቅ ሥራ ነው። ፊልሙ እዚህ ላይ ገዳዩን ከእውነቱ አለዝቦታል።

ቶሚ «እኔ አስቂኝ ነኝ?» እያለ ሂልን የሚያስጨንቅበት ትዕይንት ተፈጽሟል?

ተፈጽሟል፤ የደረሰው ግን በሂል ላይ አይደለም። ጆ ፔሺ በወጣትነቱ ምግብ ቤት ሲሠራ አንድን የማፊያ ሰው «አስቂኝ ነህ» ብሎ ለማሞገስ ሞክሮ ነገሩ ተበላሽቶበት ነበር። ያንን ለዳይሬክተሩ አወራለት፤ ትዕይንቱም ከዚያ ተወለደ።

በ«ዶኒ ብራስኮ» ፊልም መጨረሻ የማፊያው አባል ሌፍቲ ሊገደል ይሄዳል። በእርግጥ ተገድሏል?

አልተገደለም። በፊልሙ ሌፍቲ ቀለበቱንና የአንገት ሐብሉን በመሳቢያ ውስጥ ትቶ ሲወጣ እኔም እንባዬ መጥቷል፤ ሆኖም እንዲህ ያለ ስንብት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1981 የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ከገዳዮቹ ቀድሞ ያዘው፤ ታስሮ ከተፈታ በኋላ በ1994 በካንሰር ሞተ። የቢሮው ሰላይ ጆሴፍ ፒስቶኔ ዶኒ ብራስኮ በሚል ስም በመካከላቸው እንዲኖር በመፍቀዱ በሕይወቱ የከፈለው የሌፍቲ አለቃ ዶሚኒክ ናፖሊታኖ ነው። በ1981 ጠፋ፤ አስከሬኑ የተገኘው በቀጣዩ ዓመት ነው።

በ«ካዚኖ» ሁለቱ ወንድማማቾች በበቆሎ ማሳ ውስጥ እየተቀጠቀጡ ይቀበራሉ። እንዲህ ያለ ጭካኔ እውነት ነው?

ጭካኔው እውነት ነው፤ ቦታው ግን ስህተት ነው። ለፊልሙ መነሻ የሆኑት የቺካጎ ማፊያ ሰዎች አንቶኒና ማይክል ስፒሎትሮ በሰኔ 1986 ኢንዲያና ውስጥ በበቆሎ ማሳ ተቀብረው ተገኙ። ፊልሙ በ1995 ሲሠራ የሚታወቀው መቃብሩ ብቻ ነበር፤ ጸሐፊዎቹም ግድያውን ወደ መቃብሩ ወሰዱት። አልፈርድባቸውም፤ በቦታው የነበሩት ሰዎች ገና አፋቸውን አልከፈቱም ነበር።

በ2007 በቺካጎ በተካሄደው ችሎት ከገዳዮቹ አንዱ ኒኮላስ ካላብሪዝ መሰከረ። ወንድማማቾቹ የማዕረግ ዕድገት ይሰጣችኋል ተብለው በከተማዋ ዳርቻ ወደሚገኝ መኖሪያ ቤት ተጠሩ፤ ወደ ምድር ቤቱ ሲወርዱ ብዙ ሰው ይጠብቃቸው ነበር። አንቶኒ ነገሩ ሲገባው ጸሎት እንዳደርስ ፍቀዱልኝ ብሎ ጠየቀ። አልተፈቀደለትም። በላስ ቬጋስ ስንቱን ያንቀጠቀጠ ሰው የመጨረሻ ቃሉ ልመና ነበር። ይህን የምስክርነት ቃል ካነበብኩ ወዲህ የፊልሙ ማሳ አያስደነግጠኝም፤ የሚያስደነግጠኝ ያ የምድር ቤት ደረጃ ነው።

በ1987ቱ «ዘ አንታቸብልስ» ፊልም የመንግሥት መርማሪው ኤሊየት ኔስ ፍራንክ ኒቲን ከጣሪያ ላይ ወርውሮ ይገድለዋል። ልክ ነው?

ፈጽሞ አይደለም። የቺካጎው የማፊያ አለቃ የአል ካፖን ቀኝ እጅ የነበረው ኒቲ ራሱን ያጠፋው በ1943 ነው፤ ካፖን በግብር ማጭበርበር በ1931 ከተፈረደበት ከዓመታት በኋላ ማለት ነው። ይህን ፊልም ለመዝናኛ ይዩት፤ ለታሪክ ግን አይጥቀሱት።

በ«ጉድፌላስ» ከአውሮፕላን ማረፊያው ዝርፊያ በኋላ ባልና ሚስት በሮዝ ካዲላክ ውስጥ ተገድለው ይታያሉ። እነሱስ እውነተኛ ናቸው?

ይህን ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ፤ ስለ ገዳዮቹ እንጂ ስለ ሟቾቹ የሚጠይቀኝ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 11 ቀን 1978 በኒው ዮርክ አውሮፕላን ማረፊያ ከሉፍታንዛ አየር መንገድ የጭነት መጋዘን 5 ሚሊዮን ዶላር ያህል ጥሬ ገንዘብና ከ800 ሺህ ዶላር በላይ የሚገመት ጌጣጌጥ ተዘረፈ። ዝርፊያውን ያቀነባበረው በርክ ነው ተብሎ ይታመናል፤ ከዚያም የሚያውቁበት ሰዎች አንድ በአንድ መገደልና መጥፋት ጀመሩ። ከእነሱ መካከል ባልና ሚስት ነበሩ። ፊልሙ አስከሬናቸውን በመኪና ውስጥ ያሳየናል። እውነተኞቹ ግን በ1979 ከቤት እንደወጡ ቀሩ፤ አስከሬናቸውም አልተገኘም። ፊልሙ የሰጣቸውን ያህል እንኳን፣ ቤተሰቦቻቸው የሚቀብሩት አላገኙም።