«እግዚአብሔርንና ንጉሡን ሰድቧል»፦ ለሚያምኑ ወጣቶች

ልጆቼ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ በጥብቅና ሰርቻለሁ፣ ስለ ነፃነት ማን አስተማረህ ብትሉኝ ግን መጀመሪያ የምጠራው አንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 21ን ነው። በልጅነቴ ስሰማው የአንድ ስግብግብ ንጉስ ታሪክ ብቻ ነበር የሚመስለኝ፣ ጠበቃ ሆኜ ሳነበው ግን ደነገጥኩ፣ እዛ ውስጥ ያለው ሙሉ የፍርድ ቤት ፋይል ነው።

እስቲ እዩት። የእስራኤል ንጉስ አክዓብ የናቡቴ የሚባል ሰው የወይን ቦታ ፈለገ፣ የተሻለ ልስጥህ ወይ ዋጋውን ልክፈልህ አለው፣ ናቡቴ የአባቶቼን ርስት አልሰጥም አለ፣ ንጉሱም አኩርፎ ተኛ። ከዛ ሚስቱ ኤልዛቤል በንጉሱ ስም ደብዳቤ ጽፋ በማኅተሙ አትማ ለከተማው ሽማግሌዎች ላከች። መጀመሪያ ያዘዘቻቸው ምን መሰላችሁ፣ ጾም እንዲያውጁ ነው! ቀጥሎ ሁለት ሰው አቁሙ፣ «እግዚአብሔርንና ንጉሡን ሰድቧል» ብለው ይመስክሩበት። ሁለት ምስክር ደሞ በሙሴ ህግ ለሞት ፍርድ የሚበቃ ቁጥር ነው። ማኅተሙም ሽማግሌውም ምስክሩም ጾሙም ተሟልቷል፣ ግን ሁሉም ውሸት ነው፣ ሰውየውም በድንጋይ ተወገረ። ክሱን ልብ በሉልኝ፣ እግዚአብሔርና ንጉሱ አንድ ላይ ተጣምረዋል፣ ናቡቴ እምቢ ያለው ለንጉሱ ነው፣ የተፈረደበት ግን ፈጣሪን ሰድበሃል ተብሎ ጭምር ነው። እግዚአብሔር ደግሞ ኤልያስን የላከው ንጉሱን ሊወቅስ ነው። እኔ እምነቴን ይዤ ስለ ሰው መብት መቆም የጀመርኩት ከዚህ ነው።

ይሄ የድሮ የእስራኤል ነገሥታት ጉድ ነው፣ እኛ ክርስቲያኖች እንዲህ አናደርግም የምትሉ ካላችሁ የቤተክርስቲያን ታሪክ አንብቡ (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ303 የሮም ንጉሰ ነገሥት ዲዮቅልጥያኖስ የክርስቲያኖች ቅዱሳት መጻሕፍት ይቃጠሉ ብሎ አዘዘ። በ313 ከሱ በኋላ የነገሡት ቆስጠንጢኖስና ሊኪኒዮስ ሚላን ላይ ተስማምተው ክርስቲያኑም ሌላውም የፈለገውን ሃይማኖት እንዲከተል ፈቀዱ። ሌላውም የሚለውን አትዝለሉት። ከዛ ሰባ ዓመት አካባቢ አልፎ፣ በ385 ገደማ፣ ፕሪስኪሊያን የሚባል የስፔን ጳጳስ በመናፍቅነት የከሰሱት ጳጳሳት ሲያሳድዱት ቆይተው በዛሬዋ ጀርመን ትሪየር ላይ በሮም ንጉሰ ነገሥት ማክሲሙስ ፍርድ ተገደለ፣ በወረቀት ላይ ክሱ ጥንቆላ ነበር። ከሳሾቹ በዲዮቅልጥያኖስ ዘመን መጽሐፋቸው የተቃጠለባቸው ሰዎች የልጅ ልጆች ናቸው እንግዲህ።

ይሄን የተቃወመ ግን ነበር፣ በዛሬዋ ፈረንሳይ የቱር ከተማ ጳጳስ ማርቲን። የፕሪስኪሊያንን ትምህርት ስለወደደ አይደለም፣ የቤተክርስቲያን ጉዳይ በዓለማዊ ዳኛ አይታይ፣ ደም አይፍሰስ ብሎ ነው ንጉሱን የለመነው። ከግድያው በኋላም የሰውየውን ተከታዮች አሳድደው የሚይዙ መኮንኖች ወደ ስፔን ሊላኩ ሲሉ ተመልሶ ለመነ፣ ንጉሱም ከከሳሾቹ ጳጳሳት ጋር አብረህ ከቆረብክ እተዋቸዋለሁ አለው። ማርቲን ሰዎቹን ለማትረፍ ቆረበ፣ በነጋታው ግን እያዘነ ሄደ፣ ታሪኩን የጻፈው ሱልፒኪዮስ ሴቬሮስ እንደሚለው ከዛ በኋላ እስኪሞት ድረስ የጳጳሳት ጉባኤ ላይ አልተገኘም። እኔ ይሄን ሰው እወደዋለሁ፣ በእምነቱ አልላላም፣ እምነቱን ለማይቀበሉ ሰዎች ህይወት ሲል ግን ህሊናው እስኪቆስል ድረስ ሄደ።

ስለዚህ ስታነቡ አሳጥሮ የሚነግራችሁን ቪዲዮ ብቻ አትመኑ፣ ዋናውን ክፈቱ፣ ቀስ ብላችሁ፣ ካስፈለገ ሁለት ሶስቴ። ደስ የሚላችሁን ገጽ ብቻ መርጣችሁም አትሂዱ፣ የኛ ሰዎች ያጠፉበትም ገጽ የኛ ነው።

አንድ ነገር ልንገራችሁና ላብቃ። ገና ወጣት ጠበቃ እያለሁ የኔን እምነት የማይከተሉ ጥቂት ሰዎች ለአምልኮ እንዳንሰበሰብ ተከልክለናል ብለው ቢሮዬ መጡ። ህጉ ከነሱ ጋር እንደሆነ አውቅ ነበር። የኔ ምዕመናን ምን ይሉኛል ብዬ ስራ በዝቶብኛል አልኳቸው። ከመካከላቸው አንዷ እናት ወረቀቶቹን በፌስታል ይዛ ነበር፣ ቢያንስ ይዩልን ብላ ዘረጋችልኝ፣ እኔ ግን እጄን አልዘረጋሁም። ማርቲንን ያነበብኩት ከዛ ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው፣ ያን ፌስታል ሳላስብ አንብቤው አላውቅም።