የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ለአዛሊያና ለካሜሊያ ቦንሳይ የሚሆን አፈር

ጥያቄ፦ የምኖረው በሐረር ከተማ ነው። ከአዲስ አበባ ያመጣኋቸውን ሁለት የአበባ ቁጥቋጦዎች፣ አንድ አዛሊያና አንድ ካሜሊያ፣ በቦንሳይ መልክ (እየተገረዙ አጥረው እንዲያድጉ) በጠፍጣፋ የሸክላ ዕቃ ተክያለሁ። ጃፓናውያን አዛሊያን «ካኑማ» በሚባል አፈር ብቻ እንደሚተክሉ ባነብም፣ በገበያችን አላገኘሁትም። ከግቢዬ አፈር፣ ከወንዝ አሸዋና ከፍግ በቀላቀልኩት ውስጥ ግን የአዛሊያው ለጋ ቅጠሎች ጅማታቸው አረንጓዴ እንደሆነ ሌላው ገጻቸው ቢጫ ሆነ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ የገለጹት ቢጫነት የብረት እጥረት ምልክት ነው። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው እጥረት በአብዛኛው የሚመጣው ብረት ከአፈሩ ስለጠፋ ሳይሆን፣ አፈሩ ወይም ውሃው ኖራማ ሲሆን ሥሩ ያለውን ብረት መውሰድ ስለሚያቅተው ነው። አዛሊያ ፒኤቹ (የአሲዳማነት መለኪያው፤ ከ7 ሲያንስ አሲዳማ ነው) ከ4.5 እስከ 5.5 በሆነ አሲዳማ አፈር ይለመልማል፤ የሻይ ቅጠል የቅርብ ዘመድ የሆነው ካሜሊያ ደግሞ ሻል ያለ ቻይ ነው፣ እስከ 6.5 ድረስም ይኖራል።

በመጀመሪያ የምጠረጥረው አሸዋውን ነው። በሐረርና በድሬዳዋ ዙሪያ የኖራ ድንጋይ ኮረብታዎች ስላሉ የወንዞቻችን አሸዋ ኖራ ይዞ ሊወርድ ይችላል። ጥቂት ደረቅ አሸዋ በሲኒ አድርገው ኮምጣጤ ያፍስሱበት፤ አረፋ እያወጣ ከፈላ፣ ለግንብ ይጠቅም እንደሆነ እንጂ ለአዛሊያ አይሆንም። አመድና የእንቁላል ቅርፊትም እንዲሁ ከዚህ ተክል ይራቁ።

ካኑማ በጃፓን ቶቺጊ ግዛት ካኑማ ከተማ አካባቢ የሚቆፈር ቢጫ፣ ቀላልና ለስላሳ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ነው። የተወደደው ኖራ አልባና አሲዳማ ስለሆነ፣ ውሃ ይዞም አየር ስለሚያሳልፍ ነው፤ እንደ ፀጉር የቀጠነው የአዛሊያ ሥር በተጠቀጠቀ አፈር ውስጥ ታፍኖ ይበሰብሳልና። እኛም ከስምጥ ሸለቆ እየተጫነ ለብሎኬት ሥራ የሚቀርበውን ፑሚስ (ቀላል፣ ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ይዘን መጀመር እንችላለን። ሲሚንቶ ያልነካውን ከብሎኬት አምራቾች ይግዙ፣ በወንፊት ነፍተው ከ2 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሆነውን ያስቀሩ፣ ዱቄቱን አጥበው ይጣሉ። ፑሚስ እንደ ካኑማ አሲዳማ ስላልሆነ ያንን ጎደሎ የበሰበሰ የፓይን ዛፍ ቅርፊት በከፊል ይሞላዋል። ቅርፊቱ ካልተገኘ ኮኮፒት (የኮኮናት ልጣጭ ብናኝ) ይጠቀሙ፤ ጨው ሊኖርበት ስለሚችል ግን ደጋግመው ይጠቡት።

ለአዛሊያው ሁለት እጅ ፑሚስ፣ ሁለት እጅ ቅርፊት ወይም ኮኮፒት፣ አንድ እጅ ደግሞ የግንባታ ሰዎች «ሬድ አሽ» የሚሉትን ቀይ ጠጠር ይቀላቅሉ። ሥሩ ወፈር ለሚለው ካሜሊያ ቅርፊቱን ወደ አንድ እጅ ዝቅ ያድርጉት። የቡና ገለባ በሐረርጌ እንደልብ መገኘቱ ያጓጓል፤ ሆኖም ጥሬው ገለባ ሲበሰብስ ስለሚሞቅና ናይትሮጅን ስለሚሻማ ለጠባብ የቦንሳይ ዕቃ አልመክረውም። የባሕር ዛፍ ቅጠልም አይጨምሩ።

ከአፈሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ውሃው ነው። ሐረር ከድሬዳዋ አካባቢ ጉድጓዶች የሚሳብ ውሃ ስትጠጣ ቆይታለች፤ ያ የከርሰ ምድር ውሃ ኖራ የበዛበት መሆኑን በማንቆርቆሪያዎ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ያሳይዎታል። ከጃፓን የመጣ ካኑማ እንኳ ቢኖርዎት፣ በዚህ ውሃ በየቀኑ ሲጠጣ አሲዳማነቱን ቀስ በቀስ ያጣል። ስለዚህ የዝናብ ውሃ ያከማቹ። በ20 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ የ10 ሚሊ ሜትር ዝናብ 200 ሊትር ያህል ይሰጣል፤ ለሁለት ቦንሳይ ይህ ብዙ ነው። ጣሪያውን የሚያጥበውን የመጀመሪያውን ውሃ ይድፉት፣ ቀሪውንም በፕላስቲክ ሮቶ እንጂ በሲሚንቶ ገንዳ አያጠራቅሙ፤ ሲሚንቶው ራሱ ኖራ ይለቃልና። ክዳኑን አጥብቀው ይዝጉ፤ የወባና የዴንጊ ትንኞች በተጠራቀመ ውሃ ይራባሉ። ዝናቡ ሲያልቅ የቧንቧውን ውሃ በሊትር ጥቂት ሚሊ ሊትር ኮምጣጤ እየጨመሩ፣ በፒኤች ወረቀት እየለኩ ወደ 6 ማውረድ ይቻላል፤ ነገር ግን በአፈር ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ተሕዋስያን ኮምጣጤውን ስለሚበሉት ለክፉ ቀን ብቻ ይሁን። አፈሩን የሚቀይሩት አዛሊያው አበባውን እንደጨረሰ ነው፤ ሥሩን በእጅ ያላሉት እንጂ ነጭተው አያራቁቱት።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ የድሬዳዋ ከዚራ ነዋሪ ነኝ። ካኑማን ከውጭ ባስመጣ አዛሊያ ይሆንልኛል?

መልስ፦ ወጪውን አልመክርዎትም። ከውጭ የሚመጣ አፈር የተክል ኳራንቲን ፈቃድ የሚጠይቅ ከመሆኑም በላይ፣ ችግርዎ በአፈር ብቻ አይፈታም። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ስትሆን ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ናት። አዛሊያ እምቡጡ በወጉ እንዲፈነዳ ቀዝቃዛ ወራት ይፈልጋል፣ በሞቃት ሌሊትም ይዳከማል። ሐረር ዘመድ ካለዎት ተክሉን እዚያ ያስቀምጡት። በከዚራ ግቢዎ ግን ቡጋንቪሊያን በቦንሳይ መልክ ይሞክሩ፤ ሙቀቱንም ሆነ ኖራማውን አፈር ከአዛሊያ በተሻለ ይችላል፣ ቆርጠው ለመትከልም የሚሆን ያረጀ ግንድ በሰፈርዎ አያጡም።