ምዕላድ፦ የመድረሻ ፊደል ወይስ ትንሹ ትርጉም አዘል አሃድ?

ጥያቄ፦ በአዳማ አማርኛ አስተምራለሁ። የመማሪያ መጻሕፍት «ምዕላድ» የሚሉት ትርጉም ያለውን ትንሹን የቋንቋ አሃድ ነው። ቅኔ ቤት የተማሩት አባቴ ግን በቃል መድረሻ የሚጨመር ፊደል ነው ይላሉ። የትኛውን ላስተምር?

መልስ፦ ውድ መምህር፣ አባትዎ የነገሩዎት የቀደመው ፍቺ ነው፤ ለእኔም የሚጥመኝ እሱ ነው። በቅኔ ቤት ሰዋስው በሥሩ ፊደላት ላይ ከፊት የሚጨመረው ባዕድ፣ ከኋላ የሚጨመረው ምዕላድ ይባላል። በየቀኑ ሰሌዳ ላይ የሚጽፉትን «ትምህርት» የሚለውን ቃል ይመልከቱ። ሥሩ «መሀረ»፣ ማለትም አስተማረ ነው፤ የፊተኛው «ት» ባዕድ፣ የኋለኛው «ት» ምዕላድ ነው። በ1948 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት ቃላትን በሥራቸው ስለሚደረድር፣ ሁለቱን «ት» ገፎ ሥሩን ያላወጣ ሰው «ትምህርት»ን በ«ተ» ሲፈልግ ይውላል። (ሥሩ በሃሌታው «ሀ» ነው፤ በሐመሩ «ሐ» የሚጽፉት ከ«ምሕረት» ሥር ጋር ያቀላቅሉታል።)

ምዕላድ የሚለው ቃል ራሱ «ዐለደ» ከሚለው የግእዝ ግስ ይወጣል፤ ሰበሰበ፣ አከማቸ ማለት ነው። በሥሩ ላይ የተከማቸው ጭማሪ በዚህ ስም ቢጠራ ያስኬዳል፤ ሥሩን ራሱን ምዕላድ ማለት ግን ይከብደኛል። የዛሬው ፍቺ የሚለው ይህንኑ ነው፤ በ«ልጆቻችን» ውስጥ «ልጅ»፣ «-ኦች» እና «-ኣችን» ሦስቱም ምዕላዶች ናቸው። ሙያዊ ቃል የሚታወቀው በተሰጠው ብያኔ እንጂ በሥርወ ቃሉ አይደለም፣ የእንግሊዝኛው አቻ የ«ሞርፊም» የግሪክኛ መነሻም «ቅርጽ» ከማለት አያልፍም የሚሉ አሉ። መነሻውን በተመለከተ እውነታቸውን ነው። ነገር ግን «ሞርፊም» ለዚሁ ተግባር የተፈጠረ አዲስ ቃል ሲሆን፣ ምዕላድ በሥራ ላይ ያለ ቃል ነበር፤ ሲወሰድም ባዕድ ያለ ጓደኛ ቀረ።

ጥንዱ ደግሞ ለአዳማ ክፍል በእጅጉ ይጠቅም ነበር። በኦሮምኛ «በረታ» ተማሪ፣ «በርሲሳ» አስተማሪ ነው፤ ሥሩ «በር-» ከፊት ቆሞ ጭማሪው ሁሉ ከኋላው ይከተላል፤ በአባትዎ አጠራር ሁሉም ምዕላድ ነው። በአማርኛው «አስተማሪ» ግን «አስተ-» ከፊት፣ «-ኢ» ከኋላ ይገባሉ። ሁለቱንም ቋንቋ የሚናገር ተማሪ ልዩነቱን ወዲያው ያየዋል።

ያም ሆኖ ተማሪዎ የሚፈተነው በኋለኛው ፍቺ ነው፤ አጠቃቀሙ ወዲያ ሄዷል፣ እኔም ሳልወድ እቀበለዋለሁ። ስለዚህ ትንሹ ትርጉም አዘል አሃድ ብለው ያስተምሩ፤ «ትርጉም» ሲባልም ሰዋስዋዊ አገልግሎትን እንደሚጨምር፣ ለምሳሌ በ«ቤቱን» ውስጥ «-ን» ተሳቢን ብቻ እንደሚያመለክት ያስረዱ። ከዚያ በኋላ «ትምህርት»ን ሰሌዳ ላይ ይጻፉና ሁለቱን «ት» አባትዎ በሚያውቋቸው ስም ይጥሯቸው።