መልስ፦ ከሰውነት ውጭ ፅንስ መፍጠር (IVF) እ.ኤ.አ. በ1969 ከተሳካ፣ በዚህ መንገድ ልጅ ለመውለድ ለምን እስከ 1978 ድረስ ቆየ?

በ1969 የተሳካው የሴት እንቁላልንና የወንድ ዘርን ከሰውነት ውጭ ማገናኘቱ ብቻ ነው። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ሮበርት ኤድዋርድስ የተጠቀመባቸው እንቁላሎች ላቦራቶሪ ውስጥ የበሰሉ ስለነበሩ ብዙም አላደጉም። አብሮት የሠራው ሐኪም ፓትሪክ ስቴፕቶ ሰውነት ውስጥ የበሰለውን እንቁላል በላፓሮስኮፒ (በሆድ ላይ በትንሽ ቀዳዳ በሚገባ መመልከቻ) ሲያወጣ ይህ ተፈታ።

ዋናው ማነቆ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እንቁላል እንዲበዛ የሚሰጠው ሆርሞን ማህፀኑን ስላዛባው ፅንሱ አልያዝ አለ። መድኃኒቱን ትተው በተፈጥሮ ዑደት የምትመጣዋን አንዲት እንቁላል መጠበቅ ጀመሩ፤ ሰዓቷን ለማወቅ በየጥቂት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ ሽንት ውስጥ ያለውን ሆርሞን እየለኩ። አድካሚ ነው፣ ግን በ1978 የተወለደችው የመጀመሪያዋ የIVF ልጅ ሉዊዝ ብራውን የተገኘችው እንዲህ ነው።

ከ1969 በፊት «ተሳካ» የሚሉ ጽሑፎች ሲያጋጥሙህ ተጠንቀቅ። እንቁላል ያለ ወንድ ዘርም ሊከፈል ይችላል። እኔ መጀመሪያ የማየው ዘሩ እንቁላሉ ውስጥ መግባቱ ታይቶ እንደሆነ ነው።