ጎረቤቴ «ታራሚ» ነው ወይስ «ታሳሪ»?

ጥያቄ፦ ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው የምጽፍልህ። ወንድሜ ተከሷል። ነገሩን በዓይኑ ያየው ጎረቤታችን በሌላ ጉዳይ ታስሯል፤ ገና አልተፈረደበትም። ለወንድሜ ማመልከቻ ላይ «ታራሚው ምስክር ሆኖ ይጠራልኝ» ብዬ ጻፍኩለት። አንዱ ጎረምሳ «ታራሚ አይባልም» አለኝ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ «እስረኛ ምስክር አይሆንም» አሉኝ። ልኩ የቱ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ በድሬ ወግ «አንቺ» ልበልሽ። ከሽማግሌው ልጀምር፤ ይበልጥ ያስጨነቀሽ እሱ ይመስለኛል። እስረኛ ምስክር ይሆናል። የታሰረ ሰው ያየውን አላየም አይባልም። ቃሉን ይሰጣል፤ ማመን አለማመን የዳኛው ነው።

ታዲያ «አይሆንም» የሚለው ከየት መጣ? እኔ የምጠረጥረው ቃሉን ነው። አማርኛ «ምስክር» ሲል ሁለት ዓይነት ሰው ይጠራል። አንዱ ችሎት ቀርቦ ያየውን የሰማውን የሚናገር ነው። ሌላው ቤት ሲሸጥ፣ ብድር ሲጻፍ፣ አጠገብ ተቀምጦ የሚፈርም ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ፣ ፍርድ ቤት በጥፋተኛው ላይ ከቅጣቱ ሌላ አንዳንድ መብቶቹን ሊሽርበት እንደሚችል ይናገራል። ከእነዚያ አንዱ በሰነድ ላይ ምስክር ወይም ዋስ መሆን ነው። ይህ እንግዲህ ፈራሚውን ይመለከታል፤ ያውም የተፈረደበትን። ጎረቤትሽን አይነካውም። ለፈራሚው «እማኝ» የሚል ጥሩ ቃል አለን። ሁለቱን ብንለያያቸው እንዲህ ያለ ስጋት ሰው ላይ ባልወደቀ ነበር።

ስለ «ታራሚ» ጎረምሳው እውነቱን ነው። ገበሬ ማሳውን ያርማል፤ መምህር ጽሑፍ ያርማል። የሚታረም ካለ አረም ወይም ስህተት አለ ማለት ነው። ስለዚህ ቃሉ ለፍርደኛ እንጂ ላልተፈረደበት አይሆንም። ማረሚያ ቤት ስላደረ ብቻ ሰው ታራሚ አይሆንም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት እንኳ ይለያል፦ በአንቀጽ 19 «የተያዙ»፣ በ20 «የተከሰሱ»፣ በ21 «በጥበቃ ሥር ያሉና በፍርድ የታሰሩ» ይላል። አንቺ ግን በአንድ ቃል ፈረድሽበት! «ታሳሪ» በይው። «አቶ»ንም አትንሺው።

«ይጠራልኝ» ስህተት አይደለም። ምስክር ይቆጠራል፣ ይጠራል፣ ይሰማል፤ የችሎት አማርኛ ነው። ነገር ግን መጥሪያ በእግሩ ለሚመጣ ሰው ነው። ጎረቤትሽ በሩን የሚከፍትለት ሌላ ነው፤ ትእዛዙም ለዚያ ይጻፋል። ስለዚህ «ይቅረብ» ሳይሆን «ያቅርብ» ያስፈልግሻል። ቀራቢው ራሱ ይመጣል፤ አቅራቢው ሰው ያመጣል። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦

«በማረሚያ ቤት የሚገኙት ታሳሪ አቶ እገሌ የመከላከያ ምስክሬ ስለሆኑ፣ ማረሚያ ቤቱ በቀጠሮው ቀን እንዲያቀርባቸው ትእዛዝ ይሰጥልኝ።»

ያለው ፖሊስ ጣቢያ ከሆነ «ፖሊስ ጣቢያው» በይ።

አንድ ነገር ግን አጣሪ። ጎረቤትሽ ከወንድምሽ ጋር በአንድ መዝገብ ተከሶ ከሆነ ነገሩ ይለያል። አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በምስክርነት እንዲቀርብ «ያለመገደድ» መብት ይሰጠዋል። ቃሉን ልብ በይው፦ «ያለመገደድ» ነው፣ «መከልከል» አይደለም።