ካንቺፑራም፣ ባናራሲ፣ ፓቶላ፦ ስለ ሕንድ የሐር ሳሪዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቹ የቀረቡት ሳሪ ለመግዛት ካሰቡ፣ በስጦታ ከደረሳቸውና የሽመናውን ነገር ለማወቅ ከሚፈልጉ ሰዎች ነው። ተቀራራቢ የሆኑትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ሁሉም ሐር ከሆኑ ካንቺፑራም፣ ባናራሲ እያሉ መለየት ለምን አስፈለገ? የከተማ ስም ብቻ አይደለም ወይ?

መልስ፦ ስሙ በእርግጥ የከተማ ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ከተማ የራሱ የአሸማመን ስልት ስላለው፣ ስሙ ልብሱ እንዴት እንደተሠራም ይነግረናል። በታሚል ናዱ የሚገኘው የካንቺፑራም ሳሪ የሚታወቀው ገላውና ጥለቱ በተለያየ ማግ ተሸምነው እዚያው በሽመናው ላይ በመጋጠማቸው ነው። ኮርቫይ በሚባለው በዚህ ስልት ሦስት መወርወሪያዎች ይሠራሉ፤ አንዱ ለገላው፣ ሁለቱ ደግሞ ለግራና ለቀኝ ጥለቶች ሲሆኑ፣ ሸማኔው ሁሉንም ብቻውን ማዳረስ ስለማይችል ረዳት አጠገቡ ይቀመጣል። ሁለቱ ማጎች በሚገናኙበት መስመር ላይ እርስ በርስ ስለሚቆላለፉ፣ መጋጠሚያው በዓይን ሲታይ እንደ መጋዝ ጥርስ ደቃቅ ሆኖ ይወጣል። ገላው ቀይ፣ ጥለቱ አረንጓዴ ቢሆን፣ የቀዩ ማግ ወደ ጥለቱ ስለማይገባ አረንጓዴው ሳይደበዝዝ ጥርት ብሎ ይታያል። እኔ ከሁሉም አስቀድሜ የማየው ይህንኑ መጋጠሚያ ነው።

በኡታር ፕራዴሽ፣ በጋንጀስ ወንዝ ዳር በምትገኘው፣ ባናራስም በምትባለው በቫራናሲ የሚሠራው ባናራሲ ግን ክብሩ በገላው ላይ በወርቅና በብር ክር በሚነሱት አበቦችና ሐረጎች ላይ ነው። ጥበቡ ሕንድን ይገዙ በነበሩት በሙጋል ነገሥታት ዘመን የዳበረ ሲሆን፣ ሸማኔዎቹ በአብዛኛው አንሳሪ የሚባሉ ሙስሊሞች ናቸው። የሂንዱ ሙሽሮች ለሠርጋቸው የሚመኙት ልብስ በእነዚህ ቤተሰቦች እጅ የሚሠራ መሆኑን ስለ ባናራሲ በጠየቀኝ ሰው ሁሉ ፊት ሳልጠቅስ አላልፍም።

ጥያቄ፦ ዱባይ ውስጥ አንድ ሱቅ «እውነተኛ ባናራሲ» ብለው አሳዩኝ። በእጅ የተሠራ መሆኑን በምን ልወቅ?

መልስ፦ ገልብጠው ጀርባውን ይዩት፣ እህቴ። ካድዋ በሚባለው የላቀ ስልት እያንዳንዱ አበባ ለብቻው በትንንሽ የክር ጥቅሎች ስለሚሠራ፣ ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው የሚያልፍ ክር ከጀርባው አይኖርም። በሌላኛው ስልት ግን ማጉ ከዳር እስከ ዳር ይወረወርና በአበቦቹ መካከል ተንጠልጥሎ የቀረው ክር ኋላ በመቀስ ይቆረጣል፤ ስለዚህ በየአበባው ዙሪያ የተቆረጡ የክር ጫፎች ያገኛሉ። የተቆረጠው ዓይነት በእጅም በሞተርም ሊሠራ ስለሚችል፣ በካድዋ ዋጋ የሚሸጥልዎትን አይቀበሉ።

ሐሩን ራሱን ለማረጋገጥ ከጫፉ አንድ ሁለት ክር መዝዘው በእሳት ያስነኩት፤ ሐር እንደ ተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲታሽ ይበናል፤ ፖሊስተር ግን ቀልጦ ጠጣር ጠብታ ይሆናል። ከ2004 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ከዚህ በኋላም እንዲሁ) ጀምሮ በሕንድ የሚሰጠው የሐር ምልክት ጨርቁ ንጹሕ ሐር መሆኑን ይመሰክራል፤ በእጅ መሸመኑን ግን አይመሰክርም። ለዚያ የእጅ ሽመና ምልክት ለብቻው አለ። ሻጮች ሁለቱን አንድ አድርገው ሲያቀርቡ ዝም ማለት አይገባም፤ በሞተር የተሠራ ጨርቅ በእጅ ሥራ ስም ሲሸጥ እንጀራውን የሚያጣው በእጁ የሚሸምነው ሰው ነውና።

ጥያቄ፦ ለሕክምና ቼናይ እሄዳለሁ። ካንቺፑራም ሩቅ ነው?

መልስ፦ በመኪና 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጤናዎ ከፈቀደ ደርሶ መመለስ ይቻላል። ካልሆነም በ1935 የተመሠረተው የታሚል ናዱ ሸማኔዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር፣ ኮ-ኦፕቴክስ፣ ቼናይ ውስጥ መሸጫዎች አሉት። እግዚአብሔር ይማርዎት።

ጥያቄ፦ የፓቶላ ዋጋ የመኪና ዋጋ ያህላል ሲሉ ሰማሁ። ምን ቢኖርበት ነው?

መልስ፦ ያለበት የሰው ጊዜ ነው። በጉጃራት ክፍለ ግዛት በፓታን ከተማ የሚሠራው ፓቶላ ሥዕሉ የሚወጣው በሽመናው ላይ ሳይሆን ከሽመናው በፊት ነው። ድሩም ማጉም በተሰላ ልክ በክር እየታሰረ፣ እየተነከረ፣ እየተፈታ፣ ለሌላ ቀለም እንደገና እየታሰረ ይቀለማል፤ ሲሸመን በማጉ ላይ ያለው ቀይ ነጥብ በድሩ ላይ ካለው ቀይ ነጥብ ጋር በትክክል መገጣጠም አለበት። ጥቂት ከተሸመነ በኋላ ሸማኔዎቹ ድሩን ላላ አድርገው፣ በመርፌ እያንዳንዱን ክር ወደ ቦታው ይመልሱና እንደገና ይቀጥላሉ። አንድ ሳሪ ወራትን ይፈጃል፤ በፓታን ይህን ሥራ ጠብቀው ያቆዩት የሳልቪ ወገን የሆኑ በጣት የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ናቸው። ሲያልቅ ፊትና ጀርባ የለውም፤ በሁለቱም ገጽ አንድ ነው። በዚያው በጉጃራት ራጅኮት የሚሠራው ግን በአብዛኛው ማጉ ብቻ የተቀለመ ነው። እርሱም መልካም ልብስ ነው፣ ዋጋውም እጅግ ያነሰ ነው፤ በፓታን ስም ካልተሸጠ ምንም ነውር የለበትም።

ጥያቄ፦ በማሃራሽትራ የሚሠራው ፓይታኒስ? እርሱም ሁለት ፊት አለው ይባላል።

መልስ፦ አዎን፣ ግን በሌላ መንገድ ነው። ፒኮክና የሎተስ አበባ የሚሣሉት የየቀለሙ ማግ በየክልሉ ብቻ ሄዶ ከጎረቤቱ ጋር እየተቆላለፈ ስለሆነ ከጀርባው የሚንጠለጠል ክር አይኖርም። የፓይታን ከተማ ስሙን ብትሰጠውም ዛሬ ሥራው በብዛት የሚገኘው በዚያው በማሃራሽትራ ባለችው በዬኦላ ከተማ ነው።

ጥያቄ፦ የሰውና የፈረስ ሥዕል ያለበት ሳሪ አይቻለሁ። የየት ነው?

መልስ፦ ባሉቻሪ ይመስለኛል፤ የምዕራብ ቤንጋል ነው። በትከሻ ላይ የሚጣለው ጫፉ የጥንቶቹን የሕንድ ታላላቅ የግጥም ድርሰቶች፣ የማሃባራታንና የራማያናን ትረካዎች በአራት ማዕዘን ክፍልፋዮች ያሳያል። ዛሬ የሚሸመነው በቢሽኑፑር ነው።

ጥያቄ፦ እኛ አገር ከዚህ ጋር የሚያገናኘን ነገር አለ?

መልስ፦ አለ። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የቢዛንታይኑ ንጉሠ ነገሥት ዩስጢንያኖስ፣ አክሱማውያን ሐሩን ከሕንዶች ገዝተው ለሮማውያን እንዲሸጡ ጠይቆ እንደነበር የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ ጽፏል። ያልተሳካው የፋርስ ነጋዴዎች የሕንድ መርከቦች በሚያርፉባቸው ወደቦች እየጠበቁ ጭነቱን ጠቅልለው ይገዙ ስለነበር ነው።

የዛሬው ግንኙነት ደግሞ ኤሪ የሚባለው ሐር ነው። መሠረቱ ሰሜን ምሥራቅ ሕንድ፣ በተለይም አሳም ሲሆን፣ ትሉ የሚመገበው የጉሎ ቅጠል ነው። ጎጆው በአንድ ጫፍ ክፍት ስለሆነ እራቷ ሳትሞት ልትወጣ ትችላለች፤ ክሩም እንደ ጥጥ ይፈተላል እንጂ እንደ ሌላው ሐር ተተርትሮ አይወጣም። ይኸው ትል በኢትዮጵያም ይረባል፣ የመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከልም ሠርቶበታል። ጥጥ ፈትላ ላደገች እጅ ኤሪ እንግዳ አይደለም፤ ከሐሮች ሁሉ ለአገራችን የሚስማማው እርሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ እናቴ የተወችልኝ ካንቺፑራም ሳጥን ውስጥ ነው። እንዴት ላቆየው?

መልስ፦ በፕላስቲክ አያድርጉት፤ እርጥበት አፍኖ የወርቁን ክር ያጠቁረዋል። በታጠበ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ይጠቅልሉት፤ የእሳት እራት መከላከያው ክኒን ወርቁን እንዳይነካ፣ ሽቶም በላዩ እንዳይረጭ ይጠንቀቁ። በየጥቂት ወሩ አውጥተው ጥላ ሥር ያናፍሱትና በሌላ መስመር ይጠፉት፤ ሁልጊዜ በአንድ እጥፋት ከቆየ ሐሩ በዚያው መስመር ይሰነጠቃል።