ነጭ ስኒከር ለምን ቢጫ ይሆናል? በቤት ውስጥ ስለ ጫማ አጠባብ ጥያቄና መልስ

በጫማ ፋብሪካ ሶል በሚጣበቅበት ክፍል የሠራሁና አሁንም የሰው ስኒከር እያጸዳሁ የምኖር በመሆኔ፣ አባላት ያቀረባችኋቸውን ጥያቄዎች እንድመልስ ተጠይቄአለሁ። ከመጀመሬ በፊት ሦስት ነገሮችን ላሳስብ፤ ጫማ አይዘፈዘፍም፣ በረኪና አይነካም፣ እርጥብ ጫማ ፀሐይ ላይ አይሰጣም። ጥያቄ ስታቀርቡም ጫማው ከቆዳ፣ ከሸራ፣ ከካሞሽ ወይስ ከመረብ ጨርቅ እንደተሠራ ግለጹልኝ።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ ጋሼ፣ ነጭ የሸራ ጫማዬን በዱቄት ሳሙና በደንብ አጥቤ ነበር። ሲደርቅ ግን በጠርዞቹ ዙሪያ ከመታጠቡ በፊት ያልነበረ ቢጫ መስመር ወጣበት። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ከሁሉም አብዝቶ የሚቀርብልኝ ጥያቄ ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እመልሰዋለሁ። ሰው ሁሉ በአንድ ስም «ቢጫ» ብሎ ይጥራው እንጂ፣ በነጭ ስኒከር ላይ የሚታየው ቢጫ ቢያንስ ሦስት ዓይነት ነው፤ መነሻቸውም ስለሚለያይ የአንዱ መድኃኒት ሌላውን ሊያባብሰው ይችላል።

የእርስዎ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። በጨርቁ ውስጥ የቀረው ሳሙና፣ ሳሙናው ያሟሟው የቆየ እድፍ፣ አንዳንዴም ከማጣበቂያው የሚወጣ ቀለም ውኃውን ተከትሎ ወደ ላይ ይጓዛል። ውኃው ተንኖ የሚያልቀው በጠርዝና በስፌት ላይ በመሆኑ፣ ይዞት የመጣውን ሁሉ እዚያው ጥሎት ይሄዳል። ስለዚህ መፍትሔው ሳሙና መጨመር ሳይሆን የገባውን ሳሙና ማስወጣት ነው። ጫማውን ውኃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ ያለቅልቁት፤ በመጨረሻው ማለቅለቂያ ውስጥ በአንድ ሊትር ውኃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ነጭ አቼቶ ይጨምሩ፤ ከዚያም በፎጣ ተጭነው ውኃውን ካስወጡ በኋላ ጫማውን በሙሉ በነጭ ሶፍት ጠቅልለው ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ውስጥ ያስቀምጡት። ቢጫው በጨርቁ ፋንታ በሶፍቱ ላይ ይወጣል።

ሁለተኛው ዓይነት ጫማው ሳይደረግ የሚመጣ ነው። ከውጭ አገር የተላከ አዲስ ጫማ በላስቲክ ታስሮ ቁም ሣጥን ውስጥ ከርሞ ሲወጣ ጨርቁ ቢጫ ሆኖ ይገኛል፤ ባለቤቱም ላኪውን ያማል። ላስቲክና ማሸጊያ ቶሎ እንዳያረጁ ሲባል ቢኤችቲ የሚባል ኬሚካል ይጨመርባቸዋል፤ ይህ ኬሚካል እየተነነ ወደ ጨርቁ ይገባና ከመኪናና ከእሳት ጭስ ከሚመጣው የናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋዝ ጋር ሲገናኝ ቢጫ ይሆናል። እዚህ ላይ ሳሙናና ቤኪንግ ሶዳ አልካሊ ስለሆኑ ቀለሙን ያደምቁታል፤ በውኃ የተበረዘ አቼቶ ወይም የሎሚ ጭማቂ ግን ያጠፋዋል። ሦስተኛው የሶሉ ቢጫ ነው፤ እሱን ከታች በተጠየቀበት ቦታ እመልሰዋለሁ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ በረኪናው እጅግ ትንሽ ሆኖ በብዙ ውኃ ቢበረዝስ? ነጭ ሸሚዝ የምናነጣው በእሱ አይደለም ወይ?

መልስ፦ ሸሚዙ ጥጥ ነው። የስኒከር ጨርቅ በአብዛኛው ፖሊስተር፣ ናይለንና የሚለጠጥ ክር ነው፤ በረኪና ናይለኑን ቢጫ ያደርገዋል፣ የሚለጠጠውን ክር ይበላል፣ ነጩን ጨርቅ ደማቅ አስመስሎ የሚያሳየውን የፋብሪካ ማንጫም ያጠፋል። ከላይ ስለ አቼቶ ስለጻፍሁ ደግሞ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር፤ በረኪናና አቼቶ ፈጽሞ አይቀላቀሉም። ሲገናኙ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ጫማዬ በጣም ቆሽሿል፤ በምን ላጽዳው?

መልስ፦ ከምን የተሠራ ጫማ? በምን የቆሸሸ? ጭቃ ከሆነ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ይታገሡና በብሩሽ ያራግፉት፤ እርጥብ ጭቃ ሲታሽ ወደ ክሩ ውስጥ ይገባል። ሌላ ነገር ከሆነ ዝርዝሩን ይጻፉልኝ።

ጥያቄ (ከጅዳ)፦ ወንድሜ፣ ከሁለት ወር በላይ ያላደረግሁት ስኒከር በመኪናዬ የኋላ ሣጥን ውስጥ ቆይቶ ሳወጣው የአንዱ እግር ሶል ከፊት በኩል ተላቅቆ አገኘሁት። አጥቤውም አላውቅም። ፎርጅድ ሸጠውልኝ ይሆን?

መልስ፦ ይህ የእኔ ሙያ ነው። በፋብሪካ ውስጥ ማጣበቂያው በሶሉና በላይኛው ክፍል ላይ ተቀብቶ ከደረቀ በኋላ ሁለቱም በማሞቂያ ውስጥ ያልፋሉ፤ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርሱ የደረቀው ማጣበቂያ ተመልሶ ይለሰልሳል፣ በዚያው ትኩሳቱ ተገጣጥመው በማሽን ይጫናሉ። እንግዲህ በሙቀት የተጣበቀ ነገር በዚያው መጠን ሲሞቅ ሊለቅ እንደሚችል ማሰብ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የበጋ ፀሐይ ላይ የቆመ ዝግ መኪና ውስጥ ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ ጫማው ኦርጅናልም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። የልብስ ማድረቂያ ማሽንና የምድጃ ዳር እንዲሁ ናቸው። ፀሐይ ላይ አይሰጣ የምለው ለቀለሙ ብቻ ብዬ አይደለም።

ለመጠገን ሁለቱንም ገጽ በብርጭቆ ወረቀት በስሱ ይፈግፍጉ፣ በአልኮል ይጥረጉ፣ የጫማ ማስቲሽ በሁለቱም ላይ ስስ አድርገው ይቀቡ፣ ሲነኩት እጅ ላይ የማይጣበቅ እስኪሆን ይታገሡና አጥብቀው ተጭነው ለ24 ሰዓት ያቆዩት። ብዙ ሰው ማስቲሹ እርጥብ ሳለ ስለሚገጥመው ነው በሳምንቱ ተመልሶ የሚለቀው።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ከ15 ዓመት በፊት ገዝቼ ለማስታወሻ ከነሣጥኑ ያስቀመጥሁት ጫማ አለ። ባለፈው ሳምንት ባደርገው ሶሉ እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈርፍሮ መንገድ ላይ ቀረ። እንዴት ያልተደረገ ጫማ ያረጃል?

መልስ፦ የሶሉ መካከለኛ ክፍል ፖሊዩሬቴን ከሚባለው አረፋ የተሠራ ነው። በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት የዚህን አረፋ ሰንሰለት ቀስ በቀስ ስለሚበጣጥሰው፣ ጫማው ቢደረግም ባይደረግም ጊዜው ሲደርስ ይፈርሳል። በ1987 እ.ኤ.አ. የወጣውን ኤር ማክስ 1 ከመጀመሪያው ምርት ያስቀመጡ ሰብሳቢዎች ዛሬ ሊያዩት እንጂ ሊራመዱበት አይችሉም። በአንጻሩ ኢቪኤ የተባለው ቀላል አረፋ በእርጥበት እንዲህ አይፈርስም፤ እንደ ኮንቨርስ ኦል ስታር ያሉ ጫማዎች ሶልም ከድኝ ጋር በሙቀት የበሰለ ጎማ ስለሆነ መንገዱ ሌላ ነው። የተፈረፈረ ፖሊዩሬቴን ማስቲሽ አያድነውም፤ ያለው ምርጫ ሶሉን በሙሉ ማስቀየር ነው። ጫማ የተሠራው እንዲደረግ ነውና ያድርጉት።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ነጭ ስኒከሬን ሊስትሮ ጋ ማሳጠብ ጉዳት አለው?

አባል (ከአዲስ አበባ)፦ መልሱ እስኪመጣ እኔ ልናገር። ሊስትሮ ጋ ያጠበ ሰው ጫማውን ግራጫ አድርጎ ይመለሳል፤ ለጥቁር ቆዳ የተጠቀሙበትን ብሩሽ ለነጩም ይጠቀሙበታል።

አባል (ከባሕር ዳር)፦ ይህ ጅምላ ፍርድ ነው። እኔ የማሳጥብበት ልጅ ለነጭ ጫማ የተለየ ብሩሽ አለው፤ ክሩን አውጥቶ ለብቻው ያጥባል፤ ከብዙዎቻችን የተሻለ ጥንቃቄ ያደርጋል። ይልቅ በየቤታችን ጫማ በሳፋ ዘፍዝፈን የምናድረው እኛ ነን።

አባል (ከአዲስ አበባ)፦ ነጭ ቀለም ቀብተው የሚመልሱትስ? ዝናብ ሲነካው ሱሪዬን አበላሸብኝ።

መልስ፦ ክርክሩ ከጫማው እንዳይወጣ እለምናለሁ። የባሕር ዳሩ አባል ስለ መዘፍዘፍ የተናገሩት ልክ ነው፤ ውኃው ማጣበቂያውንና የውስጡን ካርቶን ያዳክማል። ሊስትሮ ጋ ሲሄዱ የራስዎን ለስላሳ ብሩሽ ይዘው ይሂዱ፣ ነጭ ቀለም እንዳይቀባም አስቀድመው ይንገሩ። ቀለሙ ለለሰለሰ ቆዳ እንጂ ለጨርቅ አይሆንም፤ የጨርቁን ቀዳዳ ይደፍነዋል።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ እኛ እዚህ በማሽን ነው የምናጥበው፤ ምንም ሆኖ አያውቅም።

መልስ፦ የሸራና የመረብ ጨርቅ ከሆነ፣ በቀዝቃዛ ውኃ፣ በቀስታው ዙር፣ ክሩና የውስጥ ንጣፉ ወጥቶ፣ በከረጢት ውስጥ ከፎጣ ጋር ከገባ ይተርፋል። ቆዳና ካሞሽ አይገባም። ማድረቂያ ማሽን ውስጥ ማስገባት ግን ለማንኛውም ክልክል ነው፤ ምክንያቱን ለጅዳው ጠያቂ ጽፌዋለሁ።

ጥያቄ (ከመቀሌ)፦ የጥርስ ሳሙና ይሠራል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ለሶሉ ጎማ ጠርዝ ይሠራል፤ ውስጡ ጥሩ መፈግፈጊያ ዱቄት አለው። በዚያው ምክንያት የቆዳን ልባጥ ይፍቃል። ነጩን እንጂ ባለ ቀለሙን አይጠቀሙ።

ጥያቄ (ከጎንደር)፦ ሁለት ዓመት ያደረግሁት ጫማ ላይኛው ነጭ ሆኖ ሶሉ ቢጫ ሆኗል። ፈግፍጌ ደከመኝ።

መልስ፦ ሦስተኛው ቢጫ ይህ ነው። ጎማው ራሱ በኦክስጅንና በፀሐይ ጨረር ስላረጀ፣ ቀለሙ እድፍ አይደለም፤ የሚታጠብ ነገር የለም። የሚሠራው ከፋርማሲ የሚገዛው 3 ከመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው። የላይኛውን ክፍል በፕላስተር ይሸፍኑ፤ ሶሉን በሳሙና አጥበው ያድርቁ፤ በፐርኦክሳይድ የራሰ ሶፍት ዙሪያውን ይለጥፉበት፤ እንዳይደርቅ በስስ ላስቲክ ጠቅልለው ለጥቂት ሰዓታት ፀሐይ ላይ ያስቀምጡት፣ እየፈቱም ያርሱት። ቦታ ቦታውን ከደረቀ ዝንጉርጉር ይሆናል። በፀጉር ቤት ያለው 12 ከመቶው ቅባት ይፈጥናል፤ ቆዳ ስለሚያቃጥል ግን ያለ ጓንት አይነካም።

አባል (ከአዲስ አበባ)፦ ጋሼ፣ ፀሐይ ላይ አይሰጣ ብለው ጀመሩ፤ አሁን ደግሞ ፀሐይ ላይ ያስቀምጡት ይላሉ። የቱን እንያዝ?

መልስ፦ ሁለቱንም። ፐርኦክሳይዱ ቢጫውን እንዲያፈርስ የፀሐይ ጨረር ያነቃቃዋል፤ ፐርኦክሳይድ በሌለበት ግን ያው ጨረር ጎማውን ያስረጀዋል። የፈለግነው ጨረሩን እንጂ ትኩሳቱን ስላልሆነ፣ ከቀትር ይልቅ የጠዋቱን ፀሐይ ይምረጡ። ከዚያ በኋላ ታጥቦ ወደ ጥላ ይገባል። ቢጫው ከጊዜ በኋላ እንደሚመለስም ይወቁት።

ጥያቄ (ከጅማ)፦ ለሶሉ በረኪና ብንጠቀምስ? ሶል እኮ ጨርቅ አይደለም።

መልስ፦ በረኪናን በሚመለከት ከዚህ በኋላ አልመልስም። ከላይ ያንብቡ፤ ጎማንም ያደርቀዋል።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ የትኛው የጫማ ብራንድ ይሻላል? ፎርጅዱንስ በምን እንለየዋለን?

መልስ፦ ስለ እጥበት ነው የመጣሁት።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ ለእግር ሽታ ጫማውን ፍሪዘር ውስጥ ማሳደር ጥሩ ነው ይባላል።

መልስ፦ ብርዱ ባክቴሪያውን ያስተኛዋል እንጂ አይገድለውም። የውስጥ ንጣፉን አውጥተው ለብቻው ይጠቡ፤ ሌሊቱን ቤኪንግ ሶዳ ነስንሰው ጠዋት ያራግፉ፤ ዋናው ነገር ግን አንድን ጫማ በተከታታይ ቀናት አለማድረግ ነው፤ ላቡ ሳይደርቅ ሽታው አይለቅም። እርጥበት እንዲመጥ ውስጡ የሚጠቀጠቀው ወረቀት ያልተጻፈበት ይሁን፤ የጋዜጣ ቀለም ነጭ ገበር ያበላሻል።

ጥያቄ (ከድሬዳዋ)፦ ካሞሽ ስኒከሬ ላይ ወጥ ፈሰሰበት።

መልስ፦ ውኃ አያስነኩት። ዘይቱን እንዲመጥ ፓውደር ወይም የበቆሎ ዱቄት አብዝተው ነስንሰው ያሳድሩት፤ በማግስቱ በደረቅ ብሩሽ ወደ አንድ አቅጣጫ ይቦርሹ፤ ካልለቀቀ ይድገሙት። ከዚያ የሚቀረውን ትንሽ ምልክት ነጭ ላጲስ ያነሣዋል። የበርበሬው ቀለም ግን ጨርሶ ላይለቅ ይችላል።